የተረፈ ምግብ ለማሞቅ ማይክሮዌቭ ይሻላል ወይስ ኤር ፍራየር?

በዚህ ዓመት በሳይንስ ክፍለ ጊዜ ሙቀት ከአንድ ነገር ወደ ሌላው እንዴት እንደሚተላለፍ ተምረናል። ትምህርቱን ስንጨርስ መምህራችን «ይህን እውቀት ቤታችሁ ውስጥ የት ታገኙታላችሁ?» ብለው ጠየቁን። አብዛኞቻችን ያመጣነው መልስ ከማዕድ ቤት ነበር። ቡሉክና አካባቢው የምንኖር ቤተሰቦች ሁላችንም አንድ ሰዓት ላይ አንበላም። አባት ከሥራ አምሽቶ ይገባል፣ ልጆች ከትምህርት ቤት ይመለሳሉ፣ እናት ሱቅ ወይም ምግብ ቤት ውላ ትመጣለች። ስለዚህ አንዴ የተሠራ ወጥ ሁለት ሦስት ጊዜ እየተከፈለ ይሞቃል። ወላጆቻችንም «ማይክሮዌቭ እንግዛ ወይስ ይህን አዲሱን ኤር ፍራየር?» እያሉ ሲነጋገሩ እንሰማለን። ሁለቱም ዕቃዎች ርካሽ አይደሉም፤ የሚሠሩበት መብራትም በቅድሚያ ተከፍሎበት በቆጣሪ የሚሞላ ነው። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀነው ወላጆች ከመግዛታቸው በፊት እንዲያነቡት፣ ታናናሾቻችንም እንዲማሩበት ነው።

መልሱን በአጭሩ እናስቀድም። «የትኛው ይሻላል?» ከማለት በፊት «የምናሞቀው ምግብ እርጥብ ነው ወይስ ደረቅ?» ብሎ መጠየቅ ይገባል። ማይክሮዌቭ የሚሠራው ምግቡ ውስጥ ባለው ውሃ ነው። ኤር ፍራየር ደግሞ ከምግቡ ላይ ውሃ እያደረቀ ይሠራል። የቀረው ልዩነት ሁሉ የሚመጣው ከዚህ ነው።

ማይክሮዌቭ እንዴት ያሞቃል?

ማይክሮዌቭ ውስጥ ማግኔትሮን የሚባል ክፍል አለ። ይህ ክፍል ከሬዲዮ ሞገድ ጋር የሚዛመድ፣ በሴኮንድ 2,450 ሚሊዮን ጊዜ የሚርገበገብ ሞገድ ያመነጫል። ሞገዱ ምግቡ ውስጥ ሲገባ የውሃ ሞለኪውሎችን ወዲያና ወዲህ ያዞራቸዋል፤ እርስ በርስ ሲፋተጉ ሙቀት ይፈጠራል። ሳህኑ በቀጥታ አይሞቅም፤ የሚያሞቀው በላዩ ያለው ምግብ ነው።

ይህ ነገር የተገኘው በአጋጣሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1945 ፐርሲ ስፔንሰር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ፣ ሬይቲዮን በተባለው ኩባንያ የራዳር መሣሪያ ላይ ሲሠራ ኪሱ ውስጥ የነበረው ቸኮሌት ቀልጦ አገኘው። ስፔንሰር የመጀመሪያ ደረጃ ትምህርቱን እንኳ ያልጨረሰ ሰው ነበር፤ ነገር ግን «ለምን ቀለጠ?» ብሎ መጠየቅን ያውቅ ነበር። በ1947 ለሽያጭ የቀረበው የመጀመሪያው ማይክሮዌቭ የሰው ቁመት ያህል ነበር፤ ክብደቱም ከ300 ኪሎ በላይ ነበር። ጠረጴዛ ላይ የሚቀመጠው የቤት ማይክሮዌቭ በአሜሪካ በስፋት መሸጥ የጀመረው ከ1967 ወዲህ ነው።

ማይክሮዌቭ ሁለት ጠባይ አለው። አንደኛ፣ ሞገዱ ወደ ምግቡ የሚዘልቀው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ብቻ ነው። የወፍራም ቁራጭ መሃል የሚሞቀው ሙቀቱ ከዳር ወደ ውስጥ ቀስ እያለ ሲደርሰው ነው። ስለዚህ ዳሩ እየተንተከተከ መሃሉ ቀዝቃዛ ሊሆን ይችላል። ሁለተኛ፣ ምግቡ ውሃ እስካለው ድረስ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ ብዙ አያልፍም፤ ውሃው እንፋሎት እየሆነ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል። በዚህ ምክንያት ማይክሮዌቭ ምግብን ያሞቃል እንጂ አይጠብስም፤ ቡናማ ቅርፊትም አያወጣም።

ኤር ፍራየርስ?

ስሙ «መጥበሻ» ይላል እንጂ ኤር ፍራየር ዘይት ውስጥ አይጠብስም። ጠንካራ ማራገቢያ ያለው ትንሽ ምድጃ ነው። ከላይ ያለው የማሞቂያ ሽቦ አየሩን ከ160 እስከ 200 ዲግሪ ያግለዋል፤ ማራገቢያው ደግሞ የጋለውን አየር በምግቡ ዙሪያ በኃይል ያዞረዋል። ፊሊፕስ የተባለው ኩባንያ በዚህ ስም የሚታወቀውን ዕቃ ለገበያ ያቀረበው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ስለዚህ ከማይክሮዌቭ በስልሳ ዓመት ያንሳል።

የጋለው አየር የምግቡን ገጽ ያደርቀዋል። ገጹ ከደረቀ በኋላ ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ አልፎ ይወጣል፤ ወደ 140 ዲግሪ ሲጠጋም በምግቡ ውስጥ ያለው ፕሮቲንና ስኳር ተዋሕደው ቡናማ ቀለምና የጥብስ ሽታ ይፈጥራሉ። ዳቦ ሲጋገር፣ ቡና ሲቆላና ሥጋ ሲጠበስ የምናውቀው ያ ሽታ የሚመጣው ከዚሁ ነው። በሌላ በኩል የኤር ፍራየር ሙቀት ከውጭ ወደ ውስጥ የሚገባ በመሆኑ ጊዜ ይወስዳል፤ ከመሃሉ በፊት ገጹ ሊያር ይችላል።

በገበታችን ላይ ያሉትን ምግቦች እንያቸው

ወጥ። ምስር፣ ሽሮ፣ አልጫ፣ ቀይ ወጥ፣ ባምያ ሁሉም ውሃ የበዛባቸው ናቸው፤ ስለዚህ የማይክሮዌቭ ድርሻ ናቸው። ክዳን ጣል ማድረግ፣ አንድ ደቂቃ ተኩል ካሞቁ በኋላ አውጥቶ ማማሰል፣ እንደገና ማስገባት ነው። ሽሮ ወፍራም ስለሆነ እንፋሎቱ ከሥር ታፍኖ ቆይቶ ይፈነዳል፤ ጥቂት ውሃ ጨምሮ ማቅጠንና መክደን ይበጃል። ወጥ ኤር ፍራየር ውስጥ ቢገባ ላዩ ቆዳ ያበጃል፣ ሥሩ ቀዝቃዛ ይሆናል፣ ቅባቱም ወደ ማሞቂያው ሽቦ ይረጫል።

የዶሮ ወጥ እንቁላል። ይህን ለብቻው የምንጽፈው አደገኛ ስለሆነ ነው። ተቀቅሎ የተላጠ ሙሉ እንቁላል ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲሞቅ አስኳሉ ውስጥ ያለው ውሃ ከመጠን በላይ ይግላል፤ መውጫ ግን የለውም። ማይክሮዌቩ ውስጥ ባይፈነዳ እንኳ ማንኪያ ሲነካው ወይም ጥርስ ሲያርፍበት ሊፈነዳና ፊትን ሊያቃጥል ይችላል። እንቁላሉን ለሁለት ወይም ለአራት ከፍሎ ማሞቅ፣ ወይም አውጥቶ ከሞቀው ወጥ ጋር መጨመር ነው። ታናናሾቻችን ይህን አንድ ነገር ብቻ ይዘው ቢሄዱ ይህ ጽሑፍ ዋጋውን አግኝቷል።

እንጀራ። ማይክሮዌቭ ውስጥ ከ15 እስከ 20 ሰከንድ፣ በእርጥብ ንጹሕ ጨርቅ ተሸፍኖ ከሆነ ይለሰልሳል። ከዚያ ካለፈ ውሃው ይወጣና ሲቀዘቅዝ እንደ ጎማ ይሆናል። ኤር ፍራየር ውስጥ የገባ እንጀራ ደግሞ ድርቆሽ ነው። ቀላል ስለሆነም ማራገቢያው አንስቶ ከጋለው ሽቦ ጋር ሊያጣብቀውና ሊያቃጥለው ይችላል። ድርቆሽ ለመሥራት ለፈለገ ሰው እንኳ ፀሐይ ከክፍያ ነፃ ናት።

ፍርፍር። እርጥብ ፍርፍር የማይክሮዌቭ ነው።

ሳንቡሳ፣ ቦንቦሊኖ፣ የተጠበሰ ድንች፣ ከዓባይ የወጣ የተጠበሰ ዓሣ። እነዚህ የኤር ፍራየር ናቸው። ማይክሮዌቭ ውስጥ ሲገቡ የውስጣቸው እንፋሎት ወደ ቅርፊቱ ወጥቶ ያረጥበዋል፤ ሳንቡሳው ይልፈሰፈሳል፣ ዓሣውም ቤቱን ሁሉ ያሸታል። ኤር ፍራየር በ170 ዲግሪ ከ5 እስከ 8 ደቂቃ ውስጥ ቅርፊታቸውን ይመልስላቸዋል።

ጥብስ፣ ዳቦና ቻፓቲ። ደረቅ ጥብስ ኤር ፍራየር ይስማማዋል፤ መረቅ ያለው ጥብስ ግን ወደ ማይክሮዌቭ ይሄዳል። ዳቦ ቅርፊቱ እንዲመለስ ከተፈለገ ላዩን በጥቂት ውሃ አርሶ ኤር ፍራየር ውስጥ ሦስት ደቂቃ ይበቃዋል። ቻፓቲ ግን እንደ እንጀራ ነው፤ ተሸፍኖ በማይክሮዌቭ ይለሰልሳል።

ሩዝና ፓስታ። ሁለት ማንኪያ ውሃ ረጭቶ፣ ከድኖ በማይክሮዌቭ ማሞቅ ነው። ስለ ሩዝ ግን ከታች የምንለው አለን።

መብራቱ ይችላል ወይ?

የጁባ ኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ኩባንያ፣ በአጭሩ ጄድኮ የምንለው፣ እ.ኤ.አ. ከ2019 መጨረሻ ጀምሮ 33 ሜጋ ዋት ከሚያመነጭ ጣቢያ ለከተማው መብራት ማከፋፈል ጀምሯል። ክፍያው በቅድሚያ ነው፤ እያንዳንዱ ኪሎ ዋት ሰዓት ቆጣሪው ላይ ሲቀንስ ይታያል። ስለዚህ ሒሳቡን ሠራነው።

አንድ ሰው የሚበላውን 300 ግራም ወጥ ከፍሪጅ 5 ዲግሪ ወደ 75 ዲግሪ እናድርስ። ልዩነቱ 70 ዲግሪ ነው። አንድ ግራም ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ 4.2 ጁል ያስፈልጋል፤ ወጡን እንደ ውሃ ከቆጠርነው 300 × 4.2 × 70 = 88,200 ጁል ይሆናል። 700 ዋት ወደ ምግብ የሚያስገባ ማይክሮዌቭ ይህን በ126 ሰከንድ ይሠራዋል። ሳህኑም ሙቀት ይወስዳል፣ እንፋሎትም ያመልጣል፤ እንግዲያው ሦስት ደቂቃ እንበል።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ። ካርቶኑ ላይ በትልቁ የሚጻፈው 700 ዋት ምግቡ ውስጥ የሚገባው ኃይል ነው። ማይክሮዌቩ ከግድግዳው የሚስበው ግን ወደ 1,100 ዋት ነው፤ ይህ ከጀርባው ባለው ትንሽ ሰሌዳ ላይ ይገኛል። 1,100 ዋት ለሦስት ደቂቃ ሲሠራ 55 ዋት ሰዓት ይበላል። 1,500 ዋት የሆነ ኤር ፍራየር ደግሞ ለስምንት ደቂቃ ሲሠራ እስከ 200 ዋት ሰዓት ይበላል። ስለዚህ በአንድ ኪሎ ዋት ሰዓት ማይክሮዌቩ 18 ሳህን ሲያሞቅ፣ ኤር ፍራየሩ አምስት ዙር ይሠራል።

መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር ወይም ሶላር ለምንጠቀም ቤቶች ሒሳቡ ይከብዳል። 1,000 ዋት የማይሞላ ትንሽ ጄኔሬተር ከሁለቱ አንዱንም አይችልም። 12 ቮልት የሆነ ባትሪ በኢንቨርተር 1,500 ዋት እንዲሰጥ ሲጠየቅ 125 አምፒር ያህል ማፍሰስ አለበት፤ ቀጭን ሽቦ ይህን ሲሸከም ይግላል። 100 አምፒር ሰዓት የሆነ የአሲድ ባትሪ ሳይጎዳ የምንጠቀምበት ኃይል ወደ 600 ዋት ሰዓት ነው። አንድ ጊዜ ኤር ፍራየር ማብራት የዚያን ሲሶ ይወስዳል፤ በዚያው ኃይል አምፖሎች ሌሊቱን ሙሉ ይበሩ ነበር።

በማከፋፈያ ገመድ የምንጠቀምም እንጠንቀቅ። 1,500 ዋት ኤር ፍራየርና 2,000 ዋት የውሃ ማፍያ በአንድ ገመድ ላይ ቢሰኩ 3,500 ዋት ይሆናሉ፤ በ230 ቮልት ከ15 አምፒር በላይ ነው። ብዙ ማከፋፈያዎች የተሠሩት ለ10 ወይም ለ13 አምፒር ነው። ሁለቱንም ዕቃዎች በቀጥታ ግድግዳ ላይ መሰካት ይሻላል።

የተበላሸን ምግብ የትኛውም አያድነውም

«እሳት ካየው ምን ለየው» የሚለውን አባባል ከልጅነታችን እንሰማዋለን። ለብዙ ነገር ይሠራል፤ ለተበላሸ ምግብ ግን አይሠራም። ከዚህ ጽሑፍ ውስጥ በጣም አስፈላጊው ክፍል ይህ ይመስለናል።

ባክቴሪያ በፍጥነት የሚራባው ከ5 እስከ 60 ዲግሪ ባለው ሙቀት ነው። የበሰለ ምግብ ከፍሪጅ ውጭ ከሁለት ሰዓት በላይ መቆየት የለበትም፤ የአየሩ ሙቀት ከ32 ዲግሪ ካለፈ ደግሞ ከአንድ ሰዓት በላይ አይቆይ ይባላል። የጁባን ሙቀት ሁላችንም እናውቃለን። እ.ኤ.አ. በማርች 2024 ሙቀቱ እስከ 45 ዲግሪ ሊደርስ ይችላል ተብሎ በደቡብ ሱዳን ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር፤ በፌብሩዋሪ 2025ም እንዲሁ። ተማሪ ቤት እንዲውል ያስገደደ ሙቀት ጠረጴዛ ላይ ያደረን ወጥ ምን እንደሚያደርገው መገመት አያዳግትም።

ሩዝን እንውሰድ። በሩዝ ላይ ባሲለስ ሴሬየስ የተባለ ባክቴሪያ ዘር ሊኖር ይችላል፤ ይህ ዘር መቀቀልን ይቋቋማል። ሩዙ ከበሰለ በኋላ ሞቅ ባለ ቦታ ሲቆይ ባክቴሪያው ይራባና መርዝ ያወጣል። መርዙ ደግሞ በማይክሮዌቭም በኤር ፍራየርም በድስትም ቢሞቅ አይጠፋም። ምግቡ ይሞቃል፣ ሽታውም ደህና ሊመስል ይችላል፤ በልቶ ማስታወክ ግን ይከተላል።

ስለዚህ ከማሞቂያው ዕቃ በፊት አቀማመጡ ይቅደም። በትልቅ ድስት የተሠራ ወጥ መሃሉ ቶሎ አይቀዘቅዝም፤ ዝቅ ባሉ ትናንሽ ዕቃዎች ከፍሎ ቶሎ ፍሪጅ ማስገባት ነው። መብራት ሲጠፋ ፍሪጁን አለመክፈት ነው፤ ሳይከፈት የቆየ ፍሪጅ ቅዝቃዜውን ለአራት ሰዓት ያህል ይይዛል። ስናሞቅ ለብ ማድረግ አይበቃም፤ መሃሉ ድረስ ቢያንስ 74 ዲግሪ መድረስ አለበት፤ ለወጥ ሲሆን እየተማሰለ እንፋሎቱ ከመሃሉ ሲወጣ ማየት ነው። የምናሞቀውም የምንበላውን ያህል ብቻ ይሁን፤ አንዴ የሞቀ ምግብ ተመልሶ ፍሪጅ ገብቶ እንደገና አይሙቅ።

ስለ ዕቃዎችና ስለ ፍርሃት

የብረት ትሪና ሳህን፣ ወርቃማ ጠርዝ ያለው ስኒ፣ ፎይል ማይክሮዌቭ ውስጥ አይገቡም፤ የእሳት ፍንጣሪ ያወጣሉ። ብርጭቆና ሸክላ ሳህን ይገባሉ። ፌስታልና ምግብ ቤት የሚሰጠን ነጭ የስፖንጅ ሣጥን በሁለቱም ውስጥ ይቀልጣሉ። ኤር ፍራየር ብረት ይቀበላል፤ ፕላስቲክ ግን ፈጽሞ አይቀበልም።

«ማይክሮዌቭ ጨረሩ ካንሰር ያመጣል» የሚሉ አሉ። የማይክሮዌቭ ሞገድ ከኤክስሬይ ይለያል፤ ሴልን የሚሰብር ጉልበት የለውም፤ ምግቡ ውስጥም ተጠራቅሞ አይቀርም። የሞገዱ ርዝመት 12 ሴንቲ ሜትር ያህል በመሆኑ በበሩ መስታወት ላይ ባሉት ጥቃቅን ቀዳዳዎች አያልፍም። በሩ የተጣመመ ወይም በደንብ የማይዘጋ ከሆነ ግን መጠቀም ማቆም ነው። ኤር ፍራየር በበኩሉ ድንችና ዳቦን እስኪጠቁሩ ካደረቀ አክሪላማይድ የተባለ ጎጂ ነገር ይበዛባቸዋል፤ ወርቃማ ሲሆኑ ማውጣት ነው።

እንግዲህ የትኛው ይገዛ?

በእኛ ቤቶች ከሚሞቀው ምግብ አብዛኛው ወጥ ነው። አንድ ዕቃ ብቻ ለመግዛት አቅም ላለው፣ መብራትም ለገባለት ቤት ማይክሮዌቭ ይቀድማል እንላለን። መብራት በትንሹ ይበላል፣ ፈጣን ነው፤ ከትምህርት ቤት ቀድሞ የገባ ልጅም እሳት ሳይለኩስ ምሳውን ያሞቅበታል።

ሆኖም ሁለት ነገር እንጨምር። ድስት ያለው ሰው ማይክሮዌቭ የሚሠራውን ሥራ ቀድሞም ይሠራ ነበር። ለስድስት ሰው በአንድ ጊዜ የሚቀርብ ወጥ ስድስት ጊዜ ማይክሮዌቭ ውስጥ ከሚገባ በቡታ ጋዝ ላይ በአንድ ድስት እየተማሰለ ቢሞቅ ይሻላል። ጋዝ ያለው፣ ቤተሰቡም አብሮ የሚበላ ቤት ማይክሮዌቭ ባይገዛ ብዙ አይጎድልበትም። እንዲህ ያለ ቤት ሳንቡሳ፣ ዳቦና ዓሣ የሚያዘወትር ከሆነ ኤር ፍራየር ድስቱ የማይችለውን አዲስ ሥራ ይጨምርለታል። በጄኔሬተርና በትንሽ ሶላር የሚኖር ቤት ግን ሁለቱንም ትቶ ገንዘቡን ፍሪጁን በሚያቆይ ባትሪ ላይ ቢያውል ምግቡም ጤናውም ይጠበቅለታል።

ለክለሳ የሚሆኑ ጥያቄዎች

1. ማይክሮዌቭ ሳንቡሳን የሚያልፈሰፍሰው ለምንድን ነው? ኤር ፍራየርስ ቅርፊቱን የሚመልሰው እንዴት ነው?

2. ቤታችሁ ካለው ማሞቂያ ጀርባ ያለውን ሰሌዳ ከወላጅ ጋር ሆናችሁ አንብቡ። የሚስበው ስንት ዋት ነው? ለአምስት ደቂቃ ቢሠራ ስንት ዋት ሰዓት ይበላል?

3. 500 ግራም ምስር ወጥ ከ10 ዲግሪ ወደ 75 ዲግሪ ለማድረስ ስንት ጁል ያስፈልጋል? ወጡን እንደ ውሃ ቁጠሩት።

4. ምሳ ላይ የተሠራ ሩዝ እስከ ማታ ጠረጴዛ ላይ ቆየ። ታናሽ ወንድማችሁ «አሙቄ እበላዋለሁ» ቢላችሁ ምን ትሉታላችሁ? ምክንያቱንም አስረዱት።